ከቦታዋ የተንሸራተተች ከተማ

የዕረፍቱ ቀን አልፎ ለሥራ የመጡት የቁፋሮ ሠራተኞች ዘበኛውን ያገኙት ከአጥሩ ውጭ፣ ሥራ አቁመው ሲሄዱ ባልነበረ ጉድጓድ ውስጥ ነው። በጀርባው ተንጋሏል፤ ኮፍያው ራቅ ብሎ ወድቋል። ከሠራተኞቹ አንዱ የተኛ መስሎት፣ ሊቀልድበት እፍኝ አፈር በተነበት። ዘበኛው አልተነቃነቀም።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ጤዛው ገና አልረገፈም። መሥሪያ ቤት ውስጥ ከጀርባዋ «እመት ለምን» ይሏታል። ታውቃለች፤ አልከፋትም፤ ከዚህ የባሰ ቅጽል ስም የተሸከሙ አለቆች አይታለች። አብሯት የመጣው ሳጅን በዕድሜ ይበልጣታል። ሰው ፊት «ኢንስፔክተር» ይላታል፤ መኪና ውስጥ ሲሆኑ «አንቺ ልጅ»። ጡረታው ደርሷል፣ ጉልበቱን ያመዋል፣ ዳገት ባየ ቁጥር ደግሞ ምላሱ ይሳላል።

«ከተማ ነው ብለውኝ ነበር» አለ ዙሪያውን እየቃኘ። «የታለ? እኔ የማየው ገለባ ነው።»

አልተሳሳተም። ታጭዶ ያለቀ የዳገት ማሳ፣ የሽቦ አጥር፣ አንዲት የቆርቆሮ ዘበኛ ቤት፣ ከታች ወንዝ፤ በቃ። የቁፋሮው መሪ፣ ሁሉም «ዶክተር» የሚለው ቀጭን ሰውዬ፣ አስረዳቸው። ከተማው ከምድር አይታይም፤ የሚታየው ከላይ፣ ሳተላይት ባነሳው ምስል ላይ ነው። ከአፈሩ በታች ግንብ ካለ፣ በላዩ የበቀለው እህል ሥሩን ወደ ታች መስደድ ስለማይችል ከሌላው ቀድሞ ቢጫ ይሆናል። የተደፈነ የጥንት ቦይ ካለ ደግሞ እርጥበት ስለሚይዝ እህሉ አረንጓዴ እንደሆነ ይሰነብታል። ሰው ማሳው መሃል ቆሞ ምንም አይለይም። ከሰማይ ሲታይ ግን ጎዳናው፣ አደባባዩ፣ የከተማው ትልቁ በር ሳይቀር በቢጫና በአረንጓዴ ተስሎ ይወጣል። ስሙን እንኳ የሚያስታውስ ሰው ያልተረፈለት ከተማ ነው። እስካሁን ቆፍረው ያወጡት ከግንቡ ትንሽ ቁራጭ ነው፤ እሷም አጥሩ ውስጥ፣ ወደ ላይ ወጣ ብላ ትገኛለች።

«ይሄኛው ጉድጓድስ?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«የኛ አይደለም» አለ ዶክተሩ። «እዚህ ምንም የለም። እዚህ የሚቆፍር ሰው ስለ ከተማው የሚያውቅ ሰው ሊሆን አይችልም።»

ጉድጓዱን ዞረችው። ጠርዙ በቢላ የተቆረጠ ያህል ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ነው። በየማዕዘኑ ችካል ተተክሎ ሲባጎ ተወጥሮበታል። ጥልቀቱ ከጉልበት ብዙም አያልፍም፤ ቆፋሪው ወይ ጊዜ አጥሮታል ወይ አቅም። አዲስ አካፋ እዚያው ተጥሏል። የሬሳ መርማሪው ሐኪም ሟች ወደ ኋላ ወድቆ ጭንቅላቱ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ከነበረ ድንጋይ ጋር እንደተጋጨ ነገራት። ወዲያው እንዳልሞተም ጨመረ፤ ይህን ሲል ዝቅ ባለ ድምፅ ነበር።

«ሌባ ሲባጎ አይወጥርም» አለ ሳጅኑ።

ኢንስፔክተሯ የምታየው ወደ ቆርቆሮዋ ቤት ነበር። የዘበኛው ዱላ በሩ ላይ ተደግፎ ቆሟል። «ዘበኛ ሰው አጥሩ ሥር ሲቆፍር አይቶ ዱላውን ትቶ የሚሄደው ለምንድነው?» አለች።

«የማያስፈራ ሰው አይቶ ይሆናላ።»

የዘበኛው ሚስት በሠራተኞቹ መኪና ተጭና መጣች። ትጮኻለች ብለው ከሠራተኞቹ መካከል ያሉት ሴቶች ሊይዟት ተዘጋጅተው ነበር፤ አልጮኸችም። ባሏን አየችው፣ አፈሩን ከፀጉሩ አራገፈችለት፣ ከዚያ ቀጥ ብላ ወደ ኢንስፔክተሯ መጣች።

«ገዳዩን ትይዢዋለሽ፤ ሥራሽ ነው» አለቻት። «እኔ የምለምንሽ ሌላ ነው። ባሌ ወሬኛ ነው። ከበር እስከ አልጋ እስኪደርስ እንኳ ያወራል። ዝም ብሎ አይሞትም። መጨረሻ ላይ ምን እንዳለ ፈልጊልኝ፤ በሕይወቱ ሳይነግረኝ የቀረ ነገር እሱ ብቻ ነው።»

ኢንስፔክተሯ በሥራዋ ብዙ ነገር ተለምናለች፤ እንዲህ ያለ ልመና ግን ገጥሟት አያውቅም። የሞተ ሰው የመጨረሻ ቃል ያለው ገዳዩ ጆሮ ውስጥ ነው። እሺም ሳትል እንቢም ሳትል ዝም አለች። ሴትየዋ ዝምታውን እንደ እሺታ ቆጥራ ሄደች።

*

መጀመሪያ የተጠረጠረው የማሳው ጎረቤት ነው። ከእርሻው ቆርሰው ካጠሩበት ወዲህ ዘበኛውን ባየ ቁጥር ደሙ ይፈላል። ያለፈው ሳምንት ደግሞ ሠራተኞቹ ሁሉ እየሰሙ «እዚሁ ትቀበራታለህ» ብሎታል። እንዲህ ያለ አፍ ያለው ሰው እግዜር ይሁነው። ፖሊስ ደጁ ሲቆም ፊቱ አመድ መሰለ፤ የት እንደነበረ ሲጠየቅ ግን ያለማመንታት «ጤና ጣቢያ» አለ። ልጁ የመጀመሪያዋን ስትወልድ ከጠዋት እስከ ማታ በር ላይ ነበር። አዋላጇ አረጋገጠች። እንዲያውም ራሱን ስቶ ወድቆ አልጋ እንዳስያዙት፣ ምጥ የያዘው እሱ ይሁን ልጁ ለመለየት እስኪያቅት ድረስ እንዳስቸገራቸው አጫወተቻቸው። ሳጅኑ እስከ መኪናው ድረስ እየሳቀ ሄደ።

ሁለተኛው የአሮጌ ዕቃ ነጋዴው ነው። ከተማ ውስጥ ጠባብ ሱቅ አለው፤ በሩ ላይ የዛገ ሚዛን ተንጠልጥሎበታል። ሠራተኞቹ ማሳው ዙሪያ ሲያንዣብብ አይተውታል። በመጀመሪያ ዓይኑን በጨው አጥቦ ቦታውን ረግጬው አላውቅም አለ። ኢንስፔክተሯ «ለምን?» «ለምን?» እያለች ስትመላለስበት ልቡ ደከመ። አዎ፣ ሄዷል። ከቁፋሮው የወጣ ዶቃ፣ ማኅተም፣ ምናምን ካለ ዘበኛው ዓይኑን ጨፈን እንዲያደርግለት ሊያግባባው ነበር ሐሳቡ።

«ምን አለህ?»

«ምን ይለኛል፣ ግንቡን አሳየኝ» አለ ነጋዴው፣ ዛሬም እንደመረረው። «ድንጋይ በድንጋይ። ይሄ የበሩ ደፍ ነው፣ ይሄ ጋሪ የቦረቦረው ነው፣ እዚህ ጋ ሰው ይቀመጥ ነበር መሰለኝ… ፀሐይ እስክትጠልቅ አልለቀቀኝም። የመጣሁበትን ነገር ለመናገር እንኳ ፋታ አልሰጠኝም። የሱ ከተማ ነው የሚመስለው እኮ።»

ዘበኛው በሞተበት ምሽት የት ነበርክ ሲባል ነጋዴው አንገቱን ደፋ። ከቀትር በኋላ ጠጥቶ ሲያሽከረክር ተይዞ ፖሊስ ጣቢያ አድሯል። ሳጅኑ ስልክ ደውሎ አጣራ፤ እውነት ነው። «የኛው ሰዎች ናቸው ምስክሩ» አለ ስልኩን እየዘጋ። «ከዚህ የተሻለ ምስክር ከየት ይመጣል።»

ኢንስፔክተሯ አልሳቀችም። ሚስትየዋ «ወሬኛ ነው» ያለችው ሰው አሁን መልክ እየያዘላት መጥቷል። በሕይወት ሳለ አላወቀችውም፤ ቢሆንም ናፈቃት። አብራው ግንቡን ብትዞር ደስ ባላት ነበር።

*

ከተማውን ያገኘው መሥሪያ ቤት የሳተላይት ምስል ንባብ ክፍል ፎቅ ላይ ነው። መጋረጃው ቀኑን ሙሉ ዝግ ነው፤ ማሽኖቹ እንዳይግሉ ክፍሉ ይቀዘቅዛል። ሠራተኞቹ ሹራብ ለብሰው ስክሪን ላይ አፍጥጠው ይውላሉ። ማሳው ላይ ያለውን ከተማ ያገኘችው ምስል አንባቢ እርሳስ የማኘክ ልማድ ያላት ቀጭን ልጅ ናት። የከተማው ሙሉ ካርታ በይፋ እስኪገለጽ በምስጢር ስለተያዘ ያዩት እሷ፣ ዶክተሩና የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ናቸው። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ሌላ አገር ነው። ዶክተሩ ቤቱ እንግዶች ነበሩበት፤ እንግዶቹ ተጠይቀው መስክረዋል። ምስል አንባቢዋ ግን ተኝታ እንደነበር ከራሷ በቀር የሚናገርላት የለም።

ሳጅኑ ወደ ልጅቷ በዓይኑ ጠቆመ፤ ኢንስፔክተሯ ግን ነገሩ አልዋጥ ብሏታል። ይቺ ልጅ ብትቆፍር ኖሮ ትክክለኛው ቦታ ላይ ነበር የምትቆፍረው። ስለ ከተማው የሚያውቅ ሰው ባዶ መሬት አይቆፍርም፤ የማያውቅ ሰው ደግሞ ሲባጎ ወጥሮ፣ ጠርዝ አስተካክሎ በዚያ ጥንቃቄ አይቆፍርም። ቆፋሪው የሚያውቅም የማያውቅም ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይመጣል?

ጥግ ላይ ወፍራም መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ልጅቷ «መምህሬ ናቸው» ብላ አስተዋወቀቻት። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ዓይናቸው ከዓመት ዓመት እየደከመ ሄዶ ዛሬ ፊት ለፊታቸው የቆመን ሰው በጥላው ነው የሚለዩት። ቤት መዋል ስላልሆነላቸው ግን ጠዋት ጠዋት እየመጡ ይቀመጣሉ፤ እሷም ስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ ለዓይነ ስውር ደብዳቤ እንደሚያነቡለት እየነገረች ታጫውታቸዋለች። የሽማግሌው ሁለት መዳፎች በጨርቅ ተጠቅልለዋል። ማንቆርቆሪያ አቃጥሎኝ ነው አሉ።

«ሟቹ ባለትዳር ነበር?» ብለው ጠየቁ ሽማግሌው።

«ነበር።»

«ልጆችስ?»

«የላቸውም። ሁለቱ ብቻ ነበሩ።»

መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉት። ኢንስፔክተሯ ምራቃቸውን የዋጡ ሰው ናቸው ብላ አለፈች፤ ከአለቆቹ አንዱ እንኳ ስለ ዘበኛው ቤተሰብ አልጠየቃትም ነበር። የት ነበሩ ብሎ ሽማግሌውን የጠየቀ የለም። ሰውን በጥላው የሚለይ አዛውንት ምን ተብሎ ይጠየቃል።

ብዙም ሳይቆይ ሴት ልጃቸው መጥታ ለምሳ ወሰደቻቸው። ሳጅኑም ሻይ ፍለጋ ወረደ። ኢንስፔክተሯ ልትሄድ ተነስታ ተመልሳ ተቀመጠች።

«አንድ ነገር ላስቸግርሽ» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ከምርመራው ጋር አይገናኝም።»

ያደገችበት ሰፈር ሰፊ መንገድ ሊያልፍበት የፈረሰው ልጅ ሳለች ነው። እናቷ እስክትሞት ድረስ በዚያ መንገድ ባለፉ ቁጥር «አሁን ጓዳችን ላይ ነን» ትል ነበር፤ በየጊዜው ታዲያ ሌላ ቦታ ላይ ነው የምትለው። እሷም ዛሬ በዚያ ስታልፍ ሳይታወቃት ፍጥነት ትቀንሳለች፤ ከኋላዋ ያለው ሹፌር ጥሩንባውን ይለቅባታል። ከላይ ሁሉን የሚያየው ሳተላይት ይሄንንስ አይቶት ይሆን?

ልጅቷ አልሳቀችባትም። መዝገብ ቤት ከቀሩት የድሮ ፊልሞች አንዱን ከማሽኑ ውስጥ ፈልጋ አወጣች። ጥቁርና ነጭ ነው። ጣሪያዎች፣ ጠባብ መተላለፊያዎች፣ የዛፍ ጥላ። ኢንስፔክተሯ ጣቷን እየመራች ሄደች፤ ከትምህርት ቤቱ ወደ ቀኝ፣ ከዛፉ ሥር፣ ከዚያ ሦስት ማዕዘን የሆነች ግቢ። ግቢዋ መሃል ነጭ ነጥብ አለች።

«ይቺ ምንድናት?»

«ልብስ የተሰጣ ይመስለኛል» አለች ልጅቷ። «አንሶላ ነገር።»

የእናቷ አንሶላ ነው። ያ ነገር በሰማይ ሲያልፍ እናቷ ልብስ አጥባ አስጥታ ነበር። ምናልባት እሷ ራሷ ያን ጊዜ በአንሶላው ሥር እየሮጠች፣ እየተቆጧት ነበር። ናፍቆት በሥራ ሰዓት እንዲህ ሰው ላይ ይመጣል ብላ አላሰበችም። ልጅቷ ሹራቧን የምታስተካክል መስላ ፊቷን አዞረችላት።

ቆየት ብላ ልጅቷ የድሮውን ምስል እንደ ስስ ወረቀት በዛሬው ካርታ ላይ ደረበችው፤ ቤቱ ዛሬ የቱ ጋ እንደሚሆን ለማየት። ኢንስፔክተሯ ወዲያው ራሷን ነቀነቀች። ግቢያቸው ከወንዙ ማዶ ወድቋል።

«ውሸት ነው። እኛ ወንዝ ተሻግረን አናውቅም።»

«ልክ ነዎት። ሳተላይቱ ዋሽቶ አይደለም፤ ዘመም ብሎ ነው ያየው» አለች ልጅቷ። የዚያን ዘመን ፊልም ከቀጥታ በላይ ሆኖ ሳይሆን ከጎን የተነሳ ነው። ሜዳ ላይ ያለው ብዙም አይዛባም፤ ዳገት ላይ ያለው ግን ካርታው ላይ ሲደረብ ከቦታው ተንሸራቶ ይወድቃል። የዳገቱን ከፍታ አስልቶ አንድ በአንድ ወደ ቦታው መመለስ ያስፈልጋል። «ማረም እንለዋለን። ጋሼ እዚህ ወንበር ላይ አስቀምጠው የመጀመሪያ ቀን ያስተማሩኝ ይሄንኑ ነው፤ ያልታረመ ምስል ይዘሽ ቦታ አትፈልጊ ነው ያሉኝ።»

ኢንስፔክተሯ አመስግና ወጣች። ደረጃውን ግማሽ ያህል እንደወረደች ቆመች። ሳጅኑ ከታች ሻዩን ይዞ ሲጠራት አልሰማችውም፤ እየሮጠች ተመለሰች።

«የማሳውን ዳገት በዚህ በድሮው ፊልም አንስተውታል?»

«አንስተውታል፤ ግን ማንም አይጠቀምበትም። አዲሱ እያለ…»

«ሳታርሚው ደርቢው።»

ልጅቷ ደረበችው። ከተማው በድሮው ፊልም ላይም አለ፤ ደብዛዛ ነው፣ ግን አለ። ከነ ግንቡ፣ ከነ ጎዳናው ተንሸራቶ ወደ ወንዙ ወርዷል። ኢንስፔክተሯ የጉድጓዱን ቦታ ነገረቻት፤ ልጅቷ ምልክት አደረገችበት። ምልክቱ ያረፈው የከተማው ትልቅ በር ላይ ነው፣ ልክ መሃሉ ላይ።

ልጅቷ እርሳሷን ከአፏ አወጣች።

«ይሄን ምስል ቤቱ ግድግዳ ላይ የሰቀለ ሰው አንድ ብቻ ነው የማውቀው» አለች፣ እንባዋ እየመጣ። ጋሼ በወጣትነታቸው ከተማውን አይተውታል። ለአለቆቻቸው ወስደው አሳዩ፤ አለቆቹ የእርሻ ድንበር ነው ብለው ሳቁባቸው፤ ስማቸውንም «ከንቲባው» አሏቸው። ከተማ የሌለው ከንቲባ። ጡረታ እስኪወጡ በዚያ ስም ተጠሩ። እሷ በአዲሱ ምስል ስታገኘው መጀመሪያ የሮጠችው ወደ እሳቸው ነበር። እጇን ይዘው አለቀሱ፤ በደስታ መስሏት ነበር።

*

በሩን የከፈተችው ሴት ልጃቸው ናት። አባቷ በዕረፍቱ ቀን ከአመሻሹ በኋላ ጫማቸው ጭቃ ለብሶ እንደመጡ፣ ወድቄ ነው እንዳሏት፣ ማንቆርቆሪያ ሲያቃጥላቸው ግን እንዳላየች ገና በረንዳ ላይ ሳሉ ነገረቻቸው። ለምን እንደሚጠይቋት አልገባትም ነበር።

ሽማግሌው መኝታ ቤታቸው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ከራስጌያቸው ፎቶው በመስታወት ተሰቅሏል። መስታወቱ አንድ ቦታ ላይ በጣት ብዛት ደብዝዟል፤ በሩ ያለበት ቦታ ነው።

«ምን ያህል ሳትኩ?» አሉ፣ ኢንስፔክተሯ ገና ሳትቀመጥ።

«ግንቡ አጥሩ ውስጥ ነው፣ ወደ ላይ። እርስዎ ወደ ወንዙ ወርደዋል።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ዳገቱ» አሉ።

«ልጅቷን የመጀመሪያ ቀን ያስተማሯት እሱን አይደል? የራስዎን ለምን አላረሙትም?»

«ሌላውን ሁሉ አርሜያለሁ፤ የሰው አገር ሳይቀር። እሷን ግን እንዳየኋት ነው የተውኳት። የሚወዱትን ሰው ፊት ማን ያርማል?»

ሌላውን ቀስ እያሉ ነገሯት። ዓይናቸው የቀረው ጥቂት ጊዜ ነው፤ ሐኪሙ አልደበቃቸውም። ዶክተሩን ወስደህ አሳየኝ ብለው ለምነውት ነበር፤ በይፋ ሲከፈት ይጋበዛሉ ብሏቸዋል። በይፋ የሚከፈተው መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ አውቶቡስ ተሳፍረው ሄዱ። በልባቸው የሚያውቁትን ምስል ይዘው፣ ከወንዙ እጥፋት ጀምረው በእግራቸው ለኩ። ሊሰርቁ አልነበረም። ዓይናቸው ሳይጠፋ አንድ ድንጋይ በእጃቸው ሊነኩ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ከላይ ያዩትን አንድ ቀን ከታች ሊያዩት ነበር።

ኢንስፔክተሯ አዘነችላቸው፤ አልደበቀችውም። ያን አንሶላ ለመንካት እሷስ ስንት ዳገት በቆፈረች ነበር። የዘበኛው ሚስት የጠየቀቻት ነገር ግን ጭንቅላቷ ውስጥ እንደ ተሰነቀረ ነው።

«ሚስቱ አንድ ነገር ጠይቃኛለች» አለች። «መጨረሻ ላይ ምን እንዳለ። ምን አለዎት?»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለሷ ነው የምነግራት» አሉ። «ላንቺ ብነግርሽ ታሳምሪልኛለሽ። እዚያው ቦታው ላይ፣ ፊት ለፊቷ።»

*

ተጠርጣሪ ቦታውን መርቶ ማሳየት ስላለበት በማግስቱ ወደ ማሳው ወሰዷቸው። ሳጅኑ ካቴናውን ከኪሱ አላወጣውም፤ እጃቸውን ደግፎ ዳገቱን ሲያወጣቸው ስለ ጉልበቱ አንድም ቃል አልተናገረም። የዘበኛው ሚስት የባሏን ዕቃ ልትወስድ ከቆርቆሮዋ ቤት ወጣች፤ ብርድ ልብሱን አጣጥፋ ታቅፋዋለች፣ በላዩ ትንሽ ሬዲዮ አስቀምጣለች። ኢንስፔክተሯ ማን እንደሆኑ ነገረቻት። ሴትየዋ ጉድጓዱ አፍ ላይ መጥታ ቆመች።

«ይንገሩኝ» አለች።

«ስቆፍር ከኋላዬ መጣ» አሉ ሽማግሌው። «‹አባባ፣ ምን ጠፋብዎት?› አለኝ። የከተማውን በር ነው የምፈልገው አልኩት። ሳቀ፤ የፌዝ ሳቅ አልነበረም። ‹እዚህ አይደለም እኮ፣ ወዲያ ነው፤ ይምጡ ላሳይዎት› ብሎ እጄን ያዘኝ።»

ሳጅኑ ክንዳቸውን ያዝ አደረገ።

«እዚያ የለም ሲሉኝ ነው የኖርኩት። እሱም እንደነሱ መሰለኝ። አታልሎ ሊያወጣኝ፣ አሳልፎ ሊሰጠኝ መሰለኝ። ገፋሁት።»

«ከዚያስ?»

«ወደቀ። ሲያቃስት ሰምቻለሁ። ሰምቼ ነው የሄድኩት።» ይህን ሲሉ ፊታቸውን ወደ ድምፅዋ አዞሩ፤ ሊሸሹት አልፈለጉም። «ጀንበሯ ገብታለች፤ እግሬ የሚረግጠውን አላይም። ጥቂት እንደሄድኩ ከኋላዬ ጠራኝ። ‹አባባ› አለኝ፤ ‹በዚያ አይሂዱ፣ ቦይ አለ፣ ይወድቃሉ። በግራዎ ይሂዱ።›»

ከታች ወንዙ ይሰማል።

«በግራዬ ሄድኩ» አሉ። «በደህና ቤቴ ገባሁ። ለማንም አልተናገርኩም።»

ሴትየዋ ብርድ ልብሱን ወደ ደረቷ አስጠጋችው። ፊቷ ሲሟሟ ኢንስፔክተሯ አየች፤ እስከዚያች ሰዓት ያላለቀሰችው ሁሉ አሁን መጣ።

«እሱ ነው» አለች። «በቃ፣ እሱ ነው። እንዲህ የሚለው እሱ ነው።»

እንባዋን በብርድ ልብሱ ጠርዝ ጠረገች። ከዚያ ዕቃውን ለሳጅኑ ሰጠችውና የሽማግሌውን እጅ ከእጁ ተቀበለች። ሳጅኑ ሊከለክል አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ኢንስፔክተሯ ያዘችው። ሴትየዋ በአጥሩ በር አስገባቻቸው፣ ቦዩን አዞረቻቸው፣ ዳገቱን ቀስ እያደረገች ይዛቸው ወጣች። «ድንጋይ አለ፣ እግርዎን ያንሱ» ስትል ይሰማል። ግንቡ ጋ ሲደርሱ በጉልበታቸው አስቀመጠቻቸው፤ በጨርቅ የተጠቀለለውን መዳፋቸውን ፈትታ ድንጋዩ ላይ አሳረፈችው።

ሽማግሌው እሳት እንደነካው ሰው እጃቸውን ሊሰበስቡ ሞከሩ። ሴትየዋ በራሷ መዳፍ ከላይ ጫን አድርጋ ያዘችው።

«ላሳይዎት ብሎዎት የለ» አለች። «ይኸው።»

ሽማግሌው እንደ ሕፃን ማልቀስ ጀመሩ፣ ይበቃኛል እያሉም ለመኗት። እሷ ግን አልለቀቀቻቸውም።